ነስር ሲመላለስ፦ ደሙን እንዴት እናቁም? ምክንያቱንስ የት እንፈልግ?

ልጅ ሲነስረው ቤቱ ይተራመሳል። አንዱ «ቀና በል!» ይላል። ሌላው አናቱ ላይ ሊያፈስ ቀዝቃዛ ውሃ በጆግ ይዞ ይሮጣል። አንዷ ጥጥ ስትፈልግ ሌላዋ የሚሸተት ሎሚ ትቆርጣለች። ሁሉም አንጀታቸው ተንሰፍስፎ ነው። ደሙን የሚያቆመው ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የሚያቆመው አፍንጫን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ይዞ አሥር ደቂቃ ሙሉ አለመልቀቅ ነው።

ነስር ላይ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አንደኛው አሁን የሚፈሰውን ደም ማቆም ነው። ሁለተኛው ለምን እንደሚመላለስ ማወቅ ነው። የመጀመሪያውን ብዙዎቻችን እንደምንም እንወጣዋለን። ደሙ ከቆመ በኋላ ግን ነገሩን እርግፍ አድርገን እንረሳዋለን። በሳምንቱ ደግሞ ትራሱ ላይ ደም እናገኛለን። ስለዚህ ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

ደሙ የሚመጣው ከየት ነው?

ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለይ ግድግዳ መሃል ላይ አለ። ከመግቢያው ትንሽ ገባ ብሎ፣ የልጅ ጣት በሚደርስበት ቦታ፣ ከተለያየ አቅጣጫ የመጡ ቀጫጭን የደም ሥሮች እዚህ ግድግዳ ላይ ይገናኛሉ። የሸፈናቸው ቆዳ በጣም ስስ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ሊትል በ1879 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት ቦታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከአሥር ነስር ዘጠኙ ገደማ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ይህ ደግሞ ደግ ዜና ነው። ቦታው ቅርብ ስለሆነ ከውጭ ሲጫኑት ይዘጋል።

የቀረው ከኋላ፣ ከአፍንጫው ጥልቅ ክፍል የሚመጣ ነው። የደም ሥሩ ወፈር ይላል፣ ደሙም ይበረታል። ብዙ ጊዜ የሚታየው በዕድሜ ገፋ ባሉ ሰዎች ላይ ነው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ፣ አፍንጫው በደንብ ተይዞ፣ ደሙ ግን በጉሮሮው መውረዱን ካላቆመ ከኋላ ሊሆን ይችላል። ይህ የቤት ሥራ አይደለም፤ ወደ ሆስፒታል ነው።

አንድ የሚያረጋጋ ነገር ልጨምር። ደም ትንሹም ብዙ ይመስላል። ነጭ ነጠላ ላይ የፈሰሰ ሁለት የሻይ ማንኪያ ደም ጉድ ያሰኛል። አንድ አዋቂ ሰው ግን አምስት ሊትር ያህል ደም አለው። ስለዚህ መጀመሪያ እርስዎ ይረጋጉ። እርስዎ ሲረጋጉ ልጁም ይረጋጋል፣ ማልቀሱን ሲተው ደሙም ይቀንሳል።

ደሙን ማቆም፣ ደረጃ በደረጃ

1. ቁጭ ይበሉ፣ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ። አይጋደሙ፤ ቀናም አይበሉ። ሲቀመጡ ራስ ከልብ በላይ ስለሚሆን ወደ አፍንጫ የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል። ዘንበል ሲሉ ደሙ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ጉሮሮ አይሄድም። ትንሽ ልጅ ከሆነ ጀርባውን ለእርስዎ ሰጥቶ ጭንዎ ላይ ይቀመጥ። ከፊት ለፊቱ ጎድጓዳ ሳህን ያስቀምጡ።

2. የረጋ ደም አፍንጫውን ከሞላው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ይናፈጥ። የረጋው ደም ካልወጣ ጣትዎ የሚጫነው የደም ሥሩን ሳይሆን እሱን ይሆናል። ደሙ በጉዳት የመጣ ከሆነ ግን መናፈጡን ይተዉት።

3. ትክክለኛውን ቦታ ይያዙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አፍንጫዎን ከላይ፣ ከዓይንዎ መሃል ጀምረው በጣትዎ ወደ ታች ይሂዱ። መጀመሪያ ጠንካራ አጥንት ያገኛሉ። አጥንቱ ሲያበቃ ለስላሳና ተጣጣፊ ይሆናል። የሚያዘው ይህ ለስላሳው ክፍል ነው። አጥንቱን ቀኑን ሙሉ ቢጨብጡት ደሙ አይቆምም፤ የሚደማው ከእሱ በታች ነውና። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሁለቱንም ጎን ወደ መሃል ይጫኑ። የሚደማው አንዱ ቀዳዳ ብቻ ቢሆንም ሁለቱም ይዘጉ። ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ ግን እስኪያም አይደለም።

4. ሰዓት ይመልከቱ። አሥር ደቂቃ፤ በግምት ሳይሆን በሰዓት። ስልክዎ ላይ ቢሞሉት የተሻለ ነው። «ቆመ ይሆን?» ብሎ በየደቂቃው ለቀቅ አድርጎ ማየት ነገሩን ከዜሮ ያስጀምረዋል። ደም የሚረጋው ሳይነካ ሲቆይ ነው። በእኔ እምነት በቤት ያልቆሙ ብዙ ነስሮች ያልቆሙት በዚህ ችኮላ ነው። ደቂቃው ለልጅ ስለሚረዝም ተረት ያውሩለት ወይም ስልክ ላይ የሚያየው ነገር ይክፈቱለት።

5. በአፍ ይተንፍሱ። ወደ አፍ የመጣውን ደም ይትፉት እንጂ አይዋጡት። የተዋጠ ደም ጨጓራን ያውካል፣ ያስመልሳል። ሲያስመልስ ደግሞ የረጋው እንደገና ይለቃል።

6. አሥር ደቂቃው ሲያልቅ በቀስታ ይልቀቁ። ቆሟል? እዚያው ትንሽ አረፍ ይበሉ። አልቆመም? አሁንም አሥር ደቂቃ፣ ሳይለቁ። አዋቂ ከሆኑና ኦትሪቪንን የመሰለ የአፍንጫ መክፈቻ ጠብታ ቤት ካለ፣ ጥጥ ላይ ጥቂት አንጠባጥበው ከመግቢያው ገባ አድርገው ከውጭ ይጫኑት። የደም ሥሩን ያጠብበዋል። የጥጡ ጫፍ ወደ ውጭ ይታይ፤ ውስጥ እንዳይረሳ። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ ይህን አያድርግ። ለትንሽ ልጅም አይሁን።

7. ሁለት ወይም ሦስት ዙር ተጭነው፣ ማለትም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይተው ካልቆመ ወደ ሕክምና ይሂዱ። መንገድ ላይም አፍንጫውን ይዘው ይቀጥሉ።

በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ግንባርና አፍንጫ ላይ ማድረግ ክፋት የለውም፤ አንዳንዱን ያረጋጋዋል። መጫኑን ግን አይተካም። አናት ላይ የሚፈሰው ውሃም እንደዚያው ነው። ልጁን ያስደነግጠዋል፣ ያበርደዋል፤ ጣትዎ ከአፍንጫው ላይ ከተነሳ ደግሞ ጎጂ ነው።

ደረቅ ሶፍት ወይም ደረቅ ጥጥ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ መጠቅጠቅም የተለመደ ነው። ደም ሲደርቅ ከቁስሉ ጋር ይጣበቃል። ሲነቀል ቅርፊቱን ይዞት ይወጣና እንደ አዲስ ይደማል። የቡና ዱቄት፣ የተጨመቀ ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት አፍንጫ ውስጥ መጨመርን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ስሱን ቆዳ ያቃጥላል፣ ቁስሉን ያመረቅዛል፣ ወደ ሳንባም ሊሳብ ይችላል። ሐኪሙ በኋላ ሲያይም የሚደማውን ቦታ ይሸፍንበታል።

ሳይጠብቁ የሚሄዱባቸው ጊዜያት

አሥር ደቂቃውን ቤት ውስጥ መቁጠር የማያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሰውዬው ራሱን ካዞረው፣ ከገረጣ፣ ላብ ላብ ካለው ወይም ራሱን ከሳተ። ለመተንፈስ ከተቸገረ። አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ደም ከፈሰሰ። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሆኖ ደሙ ከበረታ። ሕፃኑ ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ፤ በዚህ ዕድሜ ነስር የተለመደ አይደለምና መታየት አለበት።

ከአደጋ በኋላም እንዲሁ። ራሱን ተመትቶ ከደሙ ጋር እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከወጣ የራስ ቅል ስብራት ሊሆን ይችላል። አፍንጫው ላይ ተመትቶ ደሙ ቢቆምም፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሁለቱም ቀዳዳ አብጦ ከተደፈነ የመሃል ግድግዳው ላይ ደም ቋጥሯል ማለት ሊሆን ይችላል። በቶሎ ካልተከፈተ ግድግዳውን ያበሰብሰዋል፤ ለነገ የሚባል አይደለም።

አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 939ም አለ።

ከቆመ በኋላ

ደሙ ቆመ ማለት ቁስሉ ዳነ ማለት አይደለም። የረጋው ደም እንዲጸና ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። በ24 ሰዓት ውስጥ አይናፈጡ። ማስነጠስ ሲመጣ አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ። ከባድ ዕቃ አያንሱ፣ አጎንብሰው ልብስ አይጠቡ፣ ሽንት ቤት አያምጡ። አልኮል ይቅርብዎ። ቡናውና ሻይው ለብ ይበል፤ ትኩስ ነገር የአፍንጫን የደም ሥር ያሰፋል። የሞቀ ሻወርም ለነገ ይቆይ። ማታ ትራስ ደርበው ከፍ ብለው ይተኙ።

ለሕመም ማስታገሻ ካስፈለገ ፓራሲታሞል ይሻላል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ። አስፕሪኑን ሐኪም ለልብ ካዘዘልዎ ግን በራስዎ አያቋርጡ።

ቀጥሎ የሚመጣው ነስሩ እንዳይመለስ የሚያደርገው ሥራ ነው፤ ዋጋውም የአንድ ቆርቆሮ ቫዝሊን ነው። ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቫዝሊን በትንሿ ጣትዎ ጫፍ ይውሰዱ። ከአፍንጫው መግቢያ ገባ ብሎ ይቀቡትና ከውጭ አፍንጫውን በስሱ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉ፤ ራሱ ይዳረሳል። ጥልቅ መግባት አያስፈልግም። ጥፍርዎ የተቆረጠ ይሁን።

የጨው ውሃም ይረዳል። ግማሽ ሊትር ውሃ ያፍሉ፣ ይቀዝቅዝ። ልክ እስከ አፉ የሆነ፣ ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሙበት። በንጹሕ ጠብታ ማንጠባጠቢያ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ጠብታ ያድርጉ። በየቀኑ አዲስ ይሥሩ። ያልፈላ የቧንቧ ውሃ ወደ አፍንጫ አይጨምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ ለምን ይመላለሳል?

ከቀላሉ እንጀምር፤ ብዙውን ጊዜ መልሱ እዚያ ነውና።

*ድርቀት።* ከኅዳር እስከ ጥር ደጋው ቀዝቃዛም ደረቅም ነው። አቧራውም ይጨመርበታል። የአፍንጫው ቆዳ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ቅርፊት ይይዛል። ቤት ውስጥ ከሰል፣ ኩበትና ዕጣን ሲጨስ ይባስ ይቆጣል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በክረምት ማሞቂያ፣ በዓረብ አገር በኤሲ ይህንኑ ታገኙታላችሁ። በሰው ቤት ሠርታችሁ ቀኑን ሙሉ በረኪና የምትሸትቱ እህቶች፣ መስኮት መክፈትና ማስክ ማድረግ አፍንጫችሁንም ሳንባችሁንም ያድናል። በረኪናን ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። ክፍሉ በጣም ከደረቀ ማታ እርጥብ ፎጣ ማሞቂያው አጠገብ መስቀል ይረዳል።

*መጎርጎር።* በልጆች ላይ ቁጥር አንዱ ይህ ነው። ሲደርቅ ያሳክካል፣ ሲያሳክክ ይጎረጉራል፣ ሲጎረጉር ይደማል፣ የደማው ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱ ደግሞ ያሳክካል። ይህን ዙር የሚሰብረው ቁጣ ሳይሆን ቫዝሊንና አጭር ጥፍር ነው። ልጁ ተኝቶም ሊጎረጉር ስለሚችል ማታ ከመተኛቱ በፊት መቀባቱ ዋና ነው።

*ጉንፋን፣ አለርጂ፣ ሳይነስ።* ደጋግሞ መናፈጥና ማስነጠስ ቦታውን ያቆስለዋል። እዚህ ላይ ነስሩ የሚሻለው አለርጂው ሲታከም ነው። ለአለርጂ የታዘዘ የአፍንጫ ስፕሬይ ካለዎት አነፋፉን ያስተካክሉ። ለግራ ቀዳዳ በቀኝ እጅ፣ ለቀኝ ቀዳዳ በግራ እጅ ይያዙት። አፉ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዙር እንጂ ወደ መሃል ግድግዳ አይሁን። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሲነፋ የሚኖር ሰው ራሱ መድኃኒቱ ያደማዋል። የአፍንጫ መክፈቻ ጠብታ ደግሞ ከጥቂት ቀናት በላይ አይወሰድም።

*ደም ማቅጠኛ መድኃኒት።* እዚህ ቆም ልበል። አገራችን ውስጥ በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቫቸው የተጎዳ ወይም የተቀየረላቸው ብዙ ወጣቶች ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ዋርፋሪን ልኩ ጠባብ ነው። ትንሽ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ትንሽ ሲበዛ ይደማል። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህ ነው፦ ሆድ ሲቆርጠን ከፋርማሲ ገዝተን የምንውጠው ፍላጂል፣ ማለትም ሜትሮኒዳዞል፣ የዋርፋሪንን ኃይል ከፍ ያደርገዋል። ባክትሪምም፣ ማለትም ኮትሪሞክሳዞል፣ እንዲሁ። ስለዚህ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ማንኛውንም መድኃኒት ሲገዛ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ይበል። ነስር ከጀመረው ደግሞ ባለፉት ቀናት አዲስ የወሰደው ነገር ካለ ያስታውስ፣ ቶሎ ሄዶ የአይኤንአር ምርመራ፣ ማለትም ደሙ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ የሚለካውን፣ ያድርግ። ሽንቱ ከቀላ፣ ሰገራው ከጠቆረ ወይም ድዱ ከደማ በዚያው ቀን ይሂድ። መድኃኒቱን ግን በራሱ እጅ አያቁም፤ በተለይ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ካቆመ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋበት ይችላል።

*የደም ግፊት።* «ከነሰረህ ግፊት አለብህ» ሲባል እንሰማለን። ግፊት ብቻውን ነስር ማስጀመሩ እርግጠኛ ነገር አይደለም። የጀመረውን ግን እንዳይቆም ያደርገዋል። የፈራ ሰው ግፊቱ ስለሚጨምር እየደማ ሲለካ ከፍ ቢል አይደነቅም። ተረጋግቶ፣ በሌላ ቀን እንደገና ይለካ። በድንጋጤ ተጨማሪ ኪኒን መዋጥ አይገባም።

*አልቅት።* የከተማ ሰው ይህን አያስበውም። ከምንጭ፣ ከኩሬ ወይም ከብት ከሚጠጣበት ውሃ የሚጠጣ ሰው ግን መጀመሪያ ሊያስበው ይገባል። አልቅቷ ከውሃው ጋር ስትገባ በጣም ትንሽ ናት፤ አትታይም። አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቃ ደም እየመጠጠች ታድጋለች። የነከሰችበት ቦታ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ስለምትለቅ ደሙ ቶሎ አይቆምም። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ነስሩ በአንድ ቀዳዳ ብቻ፣ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይመላለሳል። አንዳንዱ «አፍንጫዬ ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል» ይላል። ጉሮሮ ላይ ከሆነች ድምፅ ይጎረናል፣ ከምራቅ ጋር ደም ይወጣል። ልጅ ከሆነ ቀስ በቀስ ይገረጣል። ጤና ጣቢያ ሄዶ «ከምንጭ ውሃ እጠጣለሁ» ማለት የሐኪሙን ሥራ ግማሽ ያቃልላል። ባለሙያው ቦታውን አደንዝዞ በመቆንጠጫ ያወጣታል። የትምባሆ ውሃ አፍንጫ ውስጥ መጨመር የቆየ ልማድ ነው። ኒኮቲኑ በተለይ ልጅን ይመርዛል፣ የተላቀቀችው አልቅትም ወደ አየር ቧንቧ ልትገባ ትችላለች። መከላከያው ውሃውን በድርብ ንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ ማፍላት ነው። በእፍኝ ወይም ተደፍቶ ከኩሬ መጠጣትን ልጆቹ ይተዉት።

*አፍንጫ ውስጥ የገባ ነገር።* ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚገማ ንፍጥና ደም የሚወጣው ልጅ ባቄላ፣ ዶቃ ወይም ስፖንጅ ከቶ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ በመቆንጠጫ አይታገሉ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። የአሻንጉሊት ክብ ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ግድግዳውን ያቃጥላል። ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ።

*ትኩሳት ያለበት ነስር።* ይህ ለብቻው መታየት አለበት። ሁመራና መተማ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ካለው፣ ከከሳ፣ በግራ በኩል ሆዱ፣ ጣፊያው፣ ካበጠና ከነሰረው ካላዛር፣ ማለትም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን በሽታ፣ መመርመር አለበት። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ ሲታከም ግን ይድናል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ ማዕከል አለው። በተጨናነቀ መኖሪያ፣ ልብስ ላይ ቅማል ባለበት ቦታ ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳትና ነስር ከመጣ ደግሞ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ይጠረጠራል። በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የተከሰተው ዴንጌ ዓይነት የትንኝ ትኩሳትም ያደማል፤ እንደዚህ ባለ ትኩሳት አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይወሰዱም።

*ደም የማይረጋበት ሰውነት።* ጥያቄው አፍንጫ ላይ ብቻ አይቁም። ጥርስ ሲነቀል ብዙ ይደማሉ? ድድዎ ይደማል? ሳይመቱ ሰውነትዎ ይበልዛል? የወር አበባዎ ከመጠን በላይ ይበዛል? እግር ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የሆኑ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ? ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለ? አንዱ እንኳን «አዎ» ከሆነ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። የደም አርጊ ሕዋስ ማነስ፣ በዘር የሚመጡት ቮን ዊልብራንድና ሄሞፊሊያ፣ የጉበት ሕመም፣ አልፎ አልፎም የደም ካንሰር እንዲህ ይጀምራሉ። ከንፈርና ምላስ ላይ ትንንሽ ቀይ ነጥቦች ኖረው፣ አባት ወይም እናትም የሚነስራቸው ከሆነ የደም ሥሮች የዘር ችግር ሊሆን ስለሚችል ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩት።

ነፍሰ ጡሮች ትንሽ መነሰራቸው የተለመደ ነው። የአፍንጫ የደም ሥሮች በእርግዝና ጊዜ ይሰፋሉ። ከበረታ ወይም ግፊት ካለ ግን ለክትትል ሐኪማቸው ይንገሩ።

ሌላም አንድ አለ። ነስሩ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ሆኖ ያው ወገን ከተደፈነ፣ ፊት ካበጠ ወይም ከደነዘዘ፣ ወይም አንገት ላይ ዕጢ ከወጣ የአንገት በላይ ሐኪም በመሣሪያ ውስጡን ማየት አለበት። በተለይ በጉርምስና ላይ ያለ ወንድ ልጅ አንድ አፍንጫው ተደፍኖ ብዙ የሚነስረው ከሆነ አይዘግይ።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ

በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚነስርዎት ከሆነ፣ ሁለት ሳምንት ቫዝሊን ተቀብተው ለውጥ ካላዩ ይሂዱ። ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ካስፈለገ ሪፈር ይጽፉልዎታል። ከመሄድዎ በፊት ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፦ መቼ ነሰረዎት? ከየትኛው ቀዳዳ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ምን እየሠሩ ነበር? የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጨምሮ፣ ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ። «ቀኝ ብቻ ነው» የሚለው አንድ ቃል ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

ሐኪሙ ግፊት ይለካል፣ በመብራት ያያል፣ የደም መጠንና የደም አርጊ ሕዋስ ቁጥር ያስመረምራል። ለወራት ሲነስረው የኖረ ሰው የደም ማነስ ሊኖርበት ስለሚችል የብረት ኪኒን ሊታዘዝለት ይችላል። የሚደማው የደም ሥር ከታየ አደንዝዞ ጫፉ ላይ ሲልቨር ናይትሬት የተባለ ኬሚካል ባለው ስንጥር ይተኩሰዋል። ጥቂት ይቆጠቁጣል፣ ከደቂቃ ብዙ አያልፍም። ሁለቱንም ጎን በአንድ ቀን እንዲተኩስልዎ አይጠይቁ፤ ግድግዳው ሊበሳ ይችላል። ከተተኮሰ በኋላም ቫዝሊኑ ይቀጥላል።

ደሙ አልቆም ካለ አፍንጫው በጎዝ ወይም በሚያብጥ ስፖንጅ ይጠቀጠቃል። ደስ አይልም፤ ራስን ይከብዳል፣ በአፍ ብቻ መተንፈስ አፍን ያደርቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ነው። ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት የሚወጣበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት ላይ ያስጽፉ፤ ተረስቶ የቆየ ጎዝ ይመረቅዛል። ክሩ ቢንጠለጠልም ቤት ውስጥ አይሳቡት። ትኩሳት ከመጣ፣ ደም በጉሮሮ መውረድ ከጀመረ ወይም ጎዙ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ይመለሱ።